ሁለት ቀን የፈጀው በር

ይድረስ በጊዮርጊስ ግቢ፣ ከወይራው ሥር ላለሽው ለየሻረግ።

ወንድምሽ ቢያድግልኝ ቃሬዛሽን እንዳልሸከም ከለከለኝ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ከኖርን በኋላ፣ አንቺን ወደ መቃብር ሲወስዱሽ እኔ እንደ መንገደኛ ከአጥር ውጪ ቆሜ አየሁ። በደሉ ይህ ነው። ላሳምረው አልፈልግም፤ ላከብደውም አልፈልግም።

ከተለየሽኝ በዚህ በሚመጣው ሰኔ ሦስት ዓመት ይሞላል። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍሁልሽም። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ ፊደልን ማንም ሳያስቆጥረኝ ከመሪጌታው አጥር ውጪ ቆሜ እንደለየሁት ታውቂያለሽ፤ ስንት ጊዜ ስቀሽብኛል። ያልጻፍሁት የምጽፈው ነገር ስለነበረኝ ነው። አሁን ግን ደክሞኛል የሻረግ። ይዤው መዞሩ ደከመኝ። ለሌላ ሰው የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽና ይብቃ ብዬ ተቀመጥሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው በአልጋችን በኩል ያፈሳል። ሣሩን ልለውጠው ሁለት ዓመት አሰብሁ፤ መሰላል ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ሰው እንዲሠራው ደግሞ አልፈቅድም። ስለዚህ አልጋውን ወደ ምድጃው አዞርሁት። የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎ ሄዷል፤ የሚቆርጠው የለም። ቀዩ በሬ ሞተ። ጥቁሩን ከጎረቤታችን ከእማሆይ ብርቄ በሬ ጋር አቀናጅቼ አርሳለሁ። ሁለቱ በሬዎች አይስማሙም፤ እኔና እማሆይም አንስማማም፤ እርሻው ግን ይታረሳል። እማሆይ አንድ ጆሯቸው ደንቁሯል። እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ዳቦ ይዘው ይመጡና በአጥሩ ላይ ይጮሁብኛል፤ የሚያወሩትን ሁሉ ማዶ ያለ ሰው ይሰማዋል።

ጣልያን ከቡሬ ወጣ። ከፋሲካ በፊት ነው፤ ጓዙን ጭኖ በማንኩሳ በኩል ወረደ። ሌላ አገር ገና ይዋጋሉ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ምሽጉ ባዶ ነው። ሰዉ ቆርቆሮውንና መስኮቱን እየነቀለ ወሰደ። እኔ አልሄድሁም። ከጣልያን ቤት የምፈልገው ብረት የለም።

ያቺ ጥቁር መኪና ግን ቀረች። የምነግርሽ ስለ እሷ ነው፤ ከመጀመሪያው ካልተነሣሁ ግን አይገባሽም።

አንቺን ሳገባ ብረት መቀጥቀጥ ከጀመርሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። የባለ ርስት ልጅ መዶሻ መያዙ በአገራችን እንዴት እንደሚታይ አልነግርሽም፤ አብረሽኝ ቀምሰሽዋል። በሠርጋችን ዕለት ቢያድግልኝ ጠጁን እንደያዘ ተነሥቶ፣ «እህቴን ለሰው የዳርኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለወናፍ ነው!» ብሎ ዳሱን አሳቀው። አንቺ ከመጋረጃው ውስጥ ሆነሽ፣ «ወናፉ እኮ ቢያንስ ይተነፍሳል! ያንተ ማረሻ ከተኛ ስንት ዓመቱ ነው?» አልሽው። ሙሽራ አፍ አውጥታ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ሁሉም ሳቀ፤ ቢያድግልኝም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ልቤ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ቤታችንን የሠራን ጊዜ የበሩ ማጠፊያ አላማረኝም ብዬ በሩን አወለቅሁት። እንደ ልቤ እስካደርገው ስምንት ቀን ያለ በር ኖርን። አንቺ የበሬ ቆዳ ሰቀልሽበት። «ደምሴ፣ ጅቡ ራሱ አፍሮ ተመለሰ፤ በር በሌለበት ቤት ምን ብዬ ልግባ ብሎ ነው» ትዪኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ገጠምሁት። ያ በር እስከ ዛሬ አይንቋቋም። ያላለቀ ሥራ ከእጄ አይወጣም እል ነበር፤ ስለው ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ አልተረፈልንም፤ ርስቱ ለወንድሞቼ ሄደ፤ የኔ የምለው ይህ ቃል ብቻ ነበር።

ጣልያን ቡሬ ሲገባ ቢያድግልኝ ጫካ ገባ። ወር ሳይሞላ ቃታው የተሰበረ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሠራሁለት። ከዚያ በኋላ በጤፍ ነዶ ተጠቅልሎ ስንት ጠመንጃ ቤታችን እንደገባ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ነዶውን የምትፈቺው አንቺ ነበርሽ። ለማንም እንዳንተነፍስ ወንድምሽ በጊዮርጊስ አስማለን፤ ማልን። ሲመጣ ባዶ የጥይት ቀለህ በእፍኙ ያመጣልኝ ነበር። «እንካ፣ ለወናፍህ መክሰስ» ይለኛል። እኔም ናሱ ለአንድ ነገር ይሆናል ብዬ በከረጢቴ አኖረው ነበር።

ሰኔ ገባና ሆድሽን ታመምሽ። በቀኝ በኩል ነበር። የግሽ ዓባይ ጠበል ከቤት ነበረን፤ ጠጣሽው፤ እማሆይም አሹሽ። ትኩሳቱ ግን አልለቅ አለ፤ በአራተኛው ቀን እግርሽን መዘርጋት አቃተሽ። ቡሬ ምሽጉ ውስጥ ሐኪም አለ፣ አገሬውንም ያያል ይባል ነበር። በቃሬዛ እንውሰዳት ብዬ ሰው ጠየቅሁ። ጎልማሳው ሁሉ ጫካ ነው፤ የቀሩት ቡሬ ከገባን አንመለስም ብለው ፈሩ። ቢያድግልኝ ሰምቶ መጣ። በራፉ ላይ ቆሞ፣ «እህቴን ነጭ አይዳስሳትም። ከዚህ ትዳን፤ ካልሆነም ከዚህ ትሙት» አለኝ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከረጢቴን አንግቤ ብቻዬን ወደ ቡሬ ሄድሁ። አንቺ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ «መዶሻውን ለምን ያዝኸው?» አልሽኝ። ልማዴ ነው አልሁሽ።

ቀትር ላይ ደረስሁ። የምሽጉ አዛዥ ጣልያናዊው ካፒቴን ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ቆሞ ያቺን ጥቁር መኪና ይራገማል። መኪናዋ ቡሬ ስትመጣም አሮጌ ነበረች፤ ጣልያኖቹ ራሳቸው «አሮጊቷ» ይሏታል። የኋላው በር አልዘጋ ብሎ በገመድ ታስሯል። ሾፌሩ ወልዱ የሐማሴን ሰው ነው፤ አማርኛ ያውቃል። ሚስቴ ታማለች፣ ሐኪሙ ይይልኝ ብዬ በእሱ አፍ ለመንሁ። ካፒቴኑ ከረጢቴን አየና ምን እንደምሠራ ጠየቀ። ብረት አልሁ። ሳቀ። ከዚያ ወልዱ ተረጎመልኝ፦ «በሩን ይሥሩና በዚያችው መኪና ሄደን ሴትዮዋን እናምጣ፤ ሐኪሙም ያያቸዋል ይላል።» ይህን ብሎ ካፒቴኑ በጭነት መኪና ወደ እንጅባራ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሥራው በኔና በወልዱ እጅ ነበር፤ የሚቆጣጠረን አልነበረም። ይህን ልብ በዪልኝ።

የበሩ በሽታ ቀላል ነበር። የላይኛው ማጠፊያ ዘንግ በመሽከርከር ብዛት ተበልቶ ቀጥኗል፤ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳም ክብነቱ ቀርቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። ስለዚህ በሩ በክብደቱ ወደ ታች ወርዷል። የመቀርቀሪያው ምላስ ከሚገባበት ጉድጓድ በታች ሆኖ ብረቱን ይፍቀዋል እንጂ አይገባም። ገና ሳየው ገባኝ። የድሮውን ዘንግ መትቼ አወጣሁና ለጊዜው ወፍራም ምስማር ከተትሁበት። በሩ ትንሽ ቀና አለ። ሰዓቱ ገና ከቀትር ብዙም አላለፈም።

ወልዱ ሞተሩን አስነሣ። «አያ ደምሴ፣ በቃ፣ ይግቡ። በጠፍር እንሰረውና እንሂድ» አለኝ።

አይሆንም አልሁት።

«የመቅደስ በር መሰለዎት እንዴ? ሴትዮዋ ታመዋል ብለውኝ የለም! ሲመለሱ ይሠሩታል።»

አይሆንም አልሁት። ለሱ የነገርሁት ምክንያት መንገዱ ገደል ነው፣ በሩ ቢከፈት ትወድቅብኛለች የሚል ነበር። ለራሴም ሦስት ዓመት ይህንኑ ስነግረው ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን የካፒቴኑ ሳቅ ነው። ተመልሶ ሲመጣ በምስማርና በጠፍር የተያዘ በር አይቶ፣ ይህ የሐበሻ እጅ ሥራ ነው ብሎ ደግሞ ሲስቅ ታየኝ። በኔ ሥራ ማንም አይስቅም አልሁ። ወልዱ ሞተሩን አጠፋና ሲጋራውን ለኮሰ።

ጣልያኖቹ ለበቅሎ ጫማ የሚሠሩበት ወናፍ ነበራቸው። አዲሱን ዘንግ ከጠመንጃ መወልወያ ብረት አወጣሁት። የሰፋውን ቀዳዳ በሞረድ ክብ አደረግሁትና ናስ ቀለበት ላለብሰው አሰብሁ። ናሱ ከከረጢቴ ወጣ፤ የወንድምሽ ቀለህ ነበር። በጣልያን ላይ የተተኮሰውን ቀለህ ቆርጬ በጣልያን በር ውስጥ ቀበርሁት። የመጀመሪያው ቀለበት ጠበበ፤ ጣልሁት። ሁለተኛው የፀጉር ያህል ሰፋ፤ እሱንም ጣልሁት። ማክሰኞ ማታ ሦስተኛው ገጠመ። ረቡዕ ጠዋት በሩን ሰቀልሁት፤ ሲዘጋ ትንሽ ነካ አደረገ፤ መልሼ አወለቅሁት። ረቡዕ ቀትር ላይ በአንድ ጣቴ ገፋሁት። ጠቅ አለና ተዘጋ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ደስ አለኝ የሻረግ። አንቺ እዚያ ተኝተሽ እኔ ደስ አለኝ።

መኪናዋ ወደ መንደራችን ስትወጣ ከጉብታው ላይ ጥሩንባ ተነፋ። ሰዉ ጣልያን መጣብን ብሎ ከብቱን እየነዳ ወደ ገደሉ ሸሸ። ባዶ መንደር ገባን። መኪናዋም ከኛ ደጅ ቆመች። ከገደሉ አፋፍ ሆነው ያዩት ይህንን ነው፦ የጣልያን መኪና፣ ከውስጧ የምወርደው ደግሞ እኔ። እማሆይ ብርቄ ብቻ ከጎንሽ ተቀምጠው ነበር። «ለጣልያን ብዬ እግሬን አላሠቃይም» አሉኝ። አንቺን በክንዴ አንሥቼ ከኋላ አስተኛሁሽና በሩን ዘጋሁት። ከውስጥ በመዳፍሽ ገፋ አደረግሽው። «አይንቋቋም» አልሽ። ትንሽ ቆይተሽም፣ «ጎበዝ» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ስትቀልጂብኝ ኖረሽ ያን ቀን አልቀለድሽም።

ሐኪሙ ዳሰሰሽና ቀና አለ። ለወልዱ አንድ ነገር ነገረው። ወልዱ መሬት መሬት እያየ፣ «ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ ይላል» አለኝ። አልወቀሰኝም። ያላለውን ግን ሰምቼዋለሁ። ዓርብ ጠዋት አረፍሽ።

ካፒቴኑ ተመልሶ ነበር፤ መኪናዋ ሬሳ አትጭንም አለ። በበቅሎ አመጣሁሽ። የመንደሩ ሰው እስከ ወንዙ ወርዶ በቃሬዛ ተቀበለሽ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከጊዮርጊስ በር ስንደርስ ቢያድግልኝ ከነሰዎቹ ከጫካ መጥቶ ቆሟል። የቃሬዛውን የፊት እግር ይዤ ነበር። መጣና ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቃቸው። «ይህ እጅ የጣልያንን በር የጠገነ እጅ ነው። የእህቴን ቃሬዛ አይነካም!» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማ። ጠመንጃህን የጠገነው ማን ነው ልለው እችል ነበር። ምያለሁ፤ ደግሞም በሕዝቡ መካከል ለጣልያን ጆሮ የሆነ አይጠፋም፤ ቢሰማ መንደሩ ይቃጠላል። ዓይኑን አየሁት፤ እሱ ወደ ሌላ አየ። ከአጥሩ ወጥቼ ቆምሁ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ባንዳ ሆነ። ለአርባሽ ከቄሱና ከእማሆይ በቀር ማንም ደጄን አልረገጠም፤ የጠመቅሁት ጠላ ሆመጠጠና ደፋሁት። ማረሻ የሚያሠራኝ ጠፋ፤ ከኔ ደጅ እያለፉ እስከ ማንኩሳ ይወስዳሉ። ልጆች እንኳ አጥሬ ሥር ሲደርሱ ይሮጣሉ። ሦስት ዓመት ይህንን በደል እንደ ብረት ሳግለውና ሳቀዘቅዘው ኖርሁ። ቢያድግልኝ አንድ ቀን ይመጣል፣ ያን ጊዜ አሳየዋለሁ እል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ በደሉ ጠቅሞኛል። እሱን ሳስብ ሁለቱን ቀን አላስብም ነበር።

መጣ። ግን እንዳሰብሁት አይደለም።

ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ሳምንት መኪናዋ እንደገና ደጄ ቆመች። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልቆመበት ደጅ ነው። ነጂው ያው ወልዱ ነው፤ ጣልያኖቹ ሲሄዱ ቀረ፣ ለአርበኞቹ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል። «አያ ደምሴ፣ በሩ አሁንም የእርስዎ ነው» አለኝ። ከኋላ ቢያድግልኝ ተጋድሟል። በመጨረሻው ተኩስ እግሩን ተመትቶ ነበር፤ ቁስሉ መርዟል። ሽታው እስከ አጥሩ ይመጣል። ከእንግሊዞቹ ጋር የመጣ ሐኪም ዳንግላ አለ ተብሎ ሊወስዱት ነው፤ ግን በሩ በየመታጠፊያው እየተከፈተ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ደርሷል። አንዱ አጃቢ በሩን በእጁ ይዞ ከጎን ሲሮጥ መጥቶ ሊሞት ነው። ቢያድግልኝ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ወይ ነፍሱን አያውቅም፣ ወይ ሊያየኝ አልፈለገም።

በሩን አየሁት። የመቀርቀሪያው ምላስ አልቋል፤ ምላሱን የሚገፋው ሞላ ተሰብሯል፤ የሚይዘው ብረትም ከበሰበሰው እንጨት ተነቅሎ ወጥቷል። አጃቢው እያለከለከ፣ «አባቴ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለኝ።

ሁለት ቀን አልሁት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ሰማሁት። ወልዱም ሰማው። ቀና ብሎ አየኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ የላይኛውን ማጠፊያ ነካሁት። በሩን ወደ ላይና ወደ ታች አነቃነቅሁት። ፍንክች አላለም። ሦስት ዓመት በዚህ ሁሉ ድንጋይ ላይ ተንገጫግጮ ናሱ እንደ ሠራሁት ነው። እንጨቱ በስብሷል፣ ቀለሙ ተላጥቷል፣ የመኪናዋ ባለቤት አገር ጥሎ ሄዷል፤ የኔ ቀለበት የፀጉር ያህል አልተበላም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አንቺን ያስጠበቅሁሽ ለዚህ ነበር። ካፒቴኑ በሩን አይቶ ሳቀ አልሳቀ እንኳ አላውቅም፤ ጠይቄ አላውቅም።

ገብቼ የቀንበሩን ጠፍር ፈታሁ። በእጀታውና በመኪናዋ ምሰሶ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠምሁና ጎትቼ አሰርሁት። እጣን አንድ ጊዜ እስኪጨስ እንኳ አልፈጀብኝም። በሩ ገጥሟል አይባልም፤ በመካከሉ እጅ ያስገባል፤ መልኩም ያሳፍራል። «እስከ ዳንግላ ይይዛል» አልሁ። እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ቢያድግልኝ በክፍተቱ ጠፍሩን ያዘ። ከንፈሩ ደርቋል። «አያ ደምሴ… ያን ቀን፣ በቃሬዛው…» አለ።

«ዝም በል» አልሁት። «ወልዱ፣ ንዳ!»

ሄዱ። በሩን የያዘው የማጠፊያው ናስ ከራሱ ቀለህ የተሠራ መሆኑን አልነገርሁትም። ያን ቀን ጥቁሩን በሬ ሳልጠምድ ዋልሁ፤ ጠፍር አልነበረኝማ። እማሆይ በአጥሩ ላይ ሆነው ስንፍናዬን ለአገሩ ሁሉ አወጁ።

ቢያድግልኝ ተረፈ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ ነገር ግን ተረፈ። ሐኪሙ፣ «አንድ ቀን ቢዘገይ አልቆ ነበር» አለ ብሎ ወልዱ መጥቶ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ እሱም መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ጠፍሬንም መለሰልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። በሦስተኛ ዓመትሽ ዝክር ላይ፣ በጊዮርጊስ ግቢ፣ በሕዝብ ፊት ቆሜ ስለ ጠመንጃዎቹ እናገራለሁ፣ ከእግሩ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል አሉኝ። የቀረች አንድ እግሬን አጥፌ እወድቃለሁ ብሏል አሉ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ይህንን አልነበረም? እንቢ አልኋቸው። ለመኑኝ፤ እንቢ አልሁ። «አያ ደምሴ፣ ልብዎ ብረት ከሚቀጠቅጡበት መስፍ ይጠነክራል» አሉኝ። ቂም የያዝሁ መስሏቸው ሄዱ።

ቂም አይደለም የሻረግ። እሱ ወድቆ ይቅር በለኝ ካለኝ፣ እኔም መውደቅ አለብኝ። እኔ የምወድቅላት ሰው ግን ተነሣ፣ ይቅር ብዬሃለሁ የማትለኝ፣ ከወይራው ሥር ናት። እሱ እህቱን ለመቅበር የተጣደፈ ሰው ነው፤ ተቆጣ፣ ተሳሳተ። እኔ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በሩ ተከፍቶልኝ፣ አይሆንም ያልሁ ነኝ። ያ እጅ ቃሬዛሽን መንካት አልነበረበትም ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እሱ የሰጠው ምክንያት ውሸት ነው። እውነተኛውን ምክንያት ባያውቀውም እጁ ግን ያው እጅ ነው።

ሌላም አለ። ባለፈው እሑድ እማሆይ ዳቦውን ሲሰጡኝ፣ ሦስት ዓመት በሆዳቸው የያዙትን እንደ ልማዳቸው እየጮሁ ነገሩኝ። ቡሬ በነበርሁባቸው ቀናት ውሻ በጮኸ ቁጥር፣ «መጣ?» ትዪ ነበር አሉ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ግን መጠየቅሽን ተውሽ። እማሆይ ሰውዬው የት ቀረ ብለው ሲቆጡ፣ «አንድ የሚሠራ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ሳይጨርስ አይመጣም፤ አውቀዋለሁ» አልሽ አሉ። «እየሳቀች እኮ ነው!» አሉኝ፤ ያጽናኑኝ መስሏቸው።

ስለዚህ ያን ጊዜ በመኪናዋ ውስጥ በመዳፍሽ በሩን ስትገፊው ታውቂ ነበር። አውቀሽ ነው ጎበዝ ያልሽኝ።

ወደ ዝክሩ እመጣለሁ። በሽማግሌዎቹ በኩል በመጨረሻ የላክሁት ቃል ይህ ነው፦ ቢያድግልኝ የእህቱን ዝክር ያብላ፤ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ምርኩዙንም እሠራለታለሁ። ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል ከአፉ ከወጣ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ምርኩዙን ጀምሬዋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ይወስደዋል፤ ቢያልቅም ባያልቅም።

ጣሪያውንም ክረምቱ ሳይገባ ሰው ጠርቼ አስከድነዋለሁ። እንደ ልቤ አይከድኑትም፤ ይሁን። ከዚያ አልጋውን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል ያለመተኛት ልማዴን ግን አልቀይርም። ጌሾሽን የማርያም ማኅበርተኞች ይቁረጡት እላለሁ። ማታ በራችንን ስዘጋ፣ ጠቅ ባለ ቁጥር፣ ስምሽን እጠራለሁ፤ እጄ በሩን መዝጋት እስከቻለ ድረስ።

የቃሬዛውን ነገር ግን እዚህ ወረቀት ላይ አሳርፌዋለሁ። ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለወንድምሽ፣ ላንቺም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አላነሣውም።

ደምሴ